ውሃ የወጋኋቸው ሽማግሌ

ሰው በሕመም ሲጮኽ አጠገቡ ቆሞ «ትንሽ ቻለው» የሚል ባለሙያ ሳይ እስከ ዛሬ ደሜ ይፈላል። በሌላው ላይ ብቻ አይደለም የምናደደው። እኔም ብያለሁ። ነጭ ጋወን ለብሼ፣ መርፌ በእጄ ይዤ ብያለሁ።

ነርስ ሆኜ ወደ ተወለድኩባት ጂንካ የተመለስኩት በደርግ የመጨረሻ ዓመታት ነው። የተመደብኩባት ጤና ጣቢያ ዛሬ የለችም። ከገበያው በላይ የነበረች፣ ስድስት አልጋ ያላት የቆርቆሮ ቤት ነበረች። ዝናብ ሲጥል ሕመምተኛ የሚለውን ለመስማት ጆሮን አፉ ድረስ ማስጠጋት ግድ ነበር። ሐኪም አልነበረንም። የበላያችን ከሌላ ክፍለ ሀገር ተዛውሮ የመጣ የጤና ጣቢያው ኃላፊ ነው። ጠንቃቃ ሰው ነበር፤ ጫማው በዚያ ሁሉ ጭቃ መሀል ያበራል፤ የመድኃኒት ቁም ሣጥኑን ቁልፍ ከሱሪው ቀበቶ ጋር አስሮ ነበር የሚሄደው።

ሽማግሌው የአውሮፕላን ሜዳው ዘበኛ ነበሩ። የጂንካ አውሮፕላን ሜዳ ከተማዋ መሀል የተዘረጋ ሣር ነው። ከብት ይግጥበታል፣ ኳስ ይጫወቱበታል፣ ገበያተኛ ያቋርጠዋል። አውሮፕላን በሚመጣበት ቀን እሳቸው ፊሽካቸውን ይነፋሉ፤ በበትራቸው ከብቱን ወዲያ፣ ሰውን ወዲህ ይላሉ። በዚያ ሥራ ሃያ ምናምን ዓመት ሲቆዩ አንዲት ጥጃ እንኳ አላስመቱም። ይህን ደግሞ ላገኙት ሁሉ ይናገሩ ነበር። የአገሬው የአሪ ብሔረሰብ ሰው ናቸው፤ አማርኛውን የለመዱት በሥራ ነው። ጎረቤታችን ስለ ነበሩ እኔን «ልጄ» ይሉኛል፤ እኔም «አባባ» እላቸዋለሁ።

ሕመሙ የጀመራቸው በሽንት ነው። ኋላ ወገባቸውን ያዛቸው። ሲብስባቸው፣ የስንቱን መንገደኛ ሜዳ ሲያጸዱ የኖሩት ሰውዬ በዚያችው አውሮፕላን ተጭነው አዲስ አበባ ሄዱ። ከሁለት ወር በኋላ ሲመለሱ ሁለት ሰዎች ደግፈው አወረዷቸው። ካንሰር ሆኖ ተገኘ፤ አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል፤ የሚቆረጥ ነገር የለም ተብለዋል። የተሰጣቸው አንድ ትልቅ ጠርሙስ ፈሳሽ መድኃኒትና አንዲት ወረቀት ነበር።

ሚስታቸው ማንበብ ስለማይችሉ ወረቀቱን ወደ እኔ ይዘው መጡ። ያነበብኩላቸው እኔ ነኝ። «በየአራት ሰዓቱ አምስት ሲሲ ይጠጡ። ሕመሙ እስኪመጣ አይጠበቅ» ይላል። ጠርሙሱ ላይ ሞርፊን ተብሎ ተጽፏል፤ ብርቱ የሕመም ማስታገሻ ነው፣ ሱስ ያስይዛል የሚባል። እኔም እንደ ተማርኩት ደነገጥኩና ለኃላፊው ወስጄ አሳየሁት። ይህን ጥፋት በማንም ላይ አላላክክም፤ በገዛ እጄ ነው የወሰድኩት።

ኃላፊው ጠርሙሱን ወደ ብርሃኑ አንሥቶ አየው።

«ይሄ አደገኛ መድኃኒት ነው። ሣር ቤት ውስጥ ይቀመጣል? በሉ አልጋ ይያዙ። ሲያስፈልጋቸው እኛ እንሰጣለን» አለ፤ ቁም ሣጥኑ ውስጥ ከተተና ቆለፈው።

ሚስቲቱ ቆልፎ ሲዞር እያዩ፣ «የሱ ነው እኮ። ትልቁ ሐኪም ለሱ ሰጠው» አሉ።

«እማማ፣ መንግሥት ነው የሚያውቀው» አላቸው።

ሽማግሌው በቃሬዛ መጥተው መስኮቱ ሥር ያለውን አልጋ ያዙ። ኃላፊው ያወጣው ሥርዓት አንድ ብቻ ነበር፤ ሕመምተኛው ካልጮኸ አይሰጠውም። ሲጮኹ እሱ ይፈለጋል። ስብሰባ ላይ ከሆነ እስኪወጣ ይጠበቃል፤ ቀበሌ ከሄደ ሰው ይላክበታል። ቁልፉ መጥቶ፣ ተፈርሞ፣ ተቀድቶ እስኪደርስ ሽማግሌው አንሶላቸውን በጥርሳቸው ይዘው ላብ በላብ ይሆናሉ። መድኃኒቱ ሲይዝላቸው ይተኛሉ፤ ሲለቃቸው እንደገና ከመጮኽ ይጀምራሉ። እኒያ የተከበሩ ሰው መድኃኒታቸውን ለማግኘት መጮኽ ነበረባቸው። መጮኽ ያፍሩ ነበርና እስከ መጨረሻው ይታገሉታል። ስለዚህ ሁልጊዜ የሚያገኙት ዘግይቶ ነው።

በአምስተኛው ቀን ኃላፊው ጠራኝ።

«ሲስተር፣ እኚህ ሰውዬ መድኃኒቱን ደጋግመው እየጠየቁ ነው። ሱስ ይዟቸዋል።»

«በጣም ያማቸዋል፤ አጥንታቸው ውስጥ…»

«እሱን እናያለን። አሁን ሲጮኹ የተጣራ ውሃ ውጊያቸው። ከተሻላቸው ሕመሙ ውሸት ነበር ማለት ነው።»

ወጋኋቸው። ሦስት ጊዜ። ክንዳቸው ከስቶ ሥጋ ፍለጋ ቆዳቸውን ቆንጥጬ ያዝኩ። ውሃው ሲገባ ያቃጥላል። መርፌውን ስነቅል ዓይናቸውን ጨፍነው «ጌታ ይባርክሽ ልጄ» አሉኝ። ዝምም አሉ። ኃላፊው ከበሩ ላይ ሆኖ «አየሽ?» አለኝ። ዝምታቸው ከግማሽ ሰዓት አላለፈም፤ ከዚያ በኋላ ያሰሙት ድምፅ ግን ከገበያ የሚመለሱ ሴቶችን መንገድ ላይ አስቆማቸው።

በዚያው ሰሞን ጊዜ ያለፈባቸውን መድኃኒቶች የሚያቃጥል ኮሚቴ ተቋቋመና አንዷ አባል እኔ ሆንኩ። ከጤና ጣቢያው ጀርባ ጉድጓድ ተቆፈረ። ኃላፊው ቁም ሣጥኑን ከፍቶ አንድ በአንድ እየጠራ ያቀብለናል። ከታችኛው መደርደሪያ ሁለት ካርቶን አወጣ። ሞርፊን ነው፤ መርፌው። እሽጉ አልተነካም። ከእኛ በፊት የነበሩትም ሳይከፍቱት፣ እኛም ሳንከፍተው ጊዜው አልፎበታል። ከመስኮቱ የሽማግሌው ማቃሰት እየተሰማ ጋዝ አፈሰስንበት።

ዝም ማለት አቃተኝ። «ጓድ ኃላፊ፣ ይሄ ሁሉ ለማን ተብሎ ነበር የተቀመጠው?» አልኩት።

ብልቃጦቹ በእሳቱ ውስጥ እየፈነዱ ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፊት በነበርኩበት ቦታ ሁለት ብልቃጥ ጎደለ ተብሎ ጓደኛዬ ታስሯል። የት እንደ ደረሰ አላውቅም። እኔ ልጆች አሉኝ፤ ገባሽ?» አለኝ።

ገብቶኛል። በዚያ ዘመን መታሰር ምን ማለት እንደ ነበር ለእኔ የሚነግረኝ አላስፈለገኝም። ግን ፍርሃቱ የእሱ፣ ጩኸቱ የሌላ ሰው ነበር። ደግሞስ የጎደለ ብልቃጥ ያሳስር እንጂ፣ ሳይሰጥ ጊዜው አልፎ ስለ ተቃጠለ ካርቶን ማን ተጠየቀ? ማንም። እንዲያውም «በአግባቡ ተወግዷል» ተብሎ ተፈርሟል። ከፈረሙት ሦስት ሰዎች አንዷ እኔ ነኝ።

በሳምንቱ አካባቢ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አውሮፕላን መጣች። አርባ ምንጭ የሚሠራ አንድ ሐኪም ለክትትል ሥራ ይመጣል ተብሎ ጤና ጣቢያው ተጠራርጓል። እኔ ሽማግሌውን እያገላበጥኩ ነበር። ከላያችን የሞተሩ ድምፅ ቀረበ፣ ራቀ፣ እንደገና ቀረበ። ሽማግሌው በዚያ ሁሉ ስቃይ መሀል ጆሯቸውን አቀኑ።

«ዞረች» አሉ። «ከብት አልወጣም። አዲሱ ዘበኛ ምን ይሠራል?»

አውሮፕላኗ ሦስት ጊዜ ዞራ አረፈች። 

ሐኪሙ ጎልማሳ፣ ቀጠን ያለ፣ ብዙ የማያወራ ሰው ነበር። አልጋዎቹን እያየ መስኮቱ ጋ ሲደርስ ቆመ። ካርዱን አነበበ፣ መልሶ አነበበ።

«በየአራት ሰዓቱ ተብሎ የታዘዘ መድኃኒት ለምንድን ነው በቀን አንዴ፣ አንዳንድ ቀንም ምንም ያልተሰጠው?»

ኃላፊው፣ «መመሪያው ጥብቅ ነው ዶክተር። አደገኛ መድኃኒት ይቆለፍ ይላል» አለ።

«መመሪያው ቆልፍ ይላል እንጂ አትስጥ ይላል?»

ኃላፊው ስለ ሱስ አነሣ። ሐኪሙ ሽማግሌውን በእጁ እያመለከተ፣ «ሱስ ማለት ሳያምም መፈለግ ነው። እኚህ ሰው የሚፈልጉት መተኛት ነው። ደጋግመው የጠየቁት ደጋግማችሁ ስላዘገያችሁባቸው ነው» አለ። ቀጠለና፣ «ውሃ የታዘዘውስ በማን ነው?» ሲል ጠየቀ። ካርዱ ላይ በእኔ እጅ ጽሑፍ «የተጣራ ውሃ» የሚል ሦስት ቦታ ነበር። ኃላፊው ወደ እኔ አየ። እኔ መሬቱን አየሁ።

ሐኪሙ ጠርሙሱን አስወጥቶ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ፤ ሚስቲቱንና እኔን ጠራን። በትምህርት ቤት በሁለት ዓመት ያልነገሩኝን ከምሳ በፊት ነገረኝ። በሰዓት ይሰጣል፤ ጠዋት በአሥራ ሁለት፣ በአራት፣ በስምንት፣ ማታ በአሥራ ሁለት፤ ከምሽቱ በአራት ለመኝታ የሚሰጠው እስኪነጋ እንዲይዝ ትንሽ ከፍ ይላል። የሚለካው በመርፌው መስፈሪያ ነው እንጂ በወጥ ማንኪያ አይደለም። መጠኑን የሚጨምርም የሚቀንስም ባለሙያ ነው፣ ያውም ቀስ እያለ። ሆድ ያደርቃልና ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማለስለሻ ይሰጣል፤ ፓፓያና ውሃም አይለያቸው። አረቄ አይጨመርበት። «አሁን ዋናውን ስሚ» አለኝ። «ሲተኙ አትደንግጪ። ስትጠሪያቸው ከነቁና በደንብ ከተነፈሱ እንቅልፍ ነው። ጠርተሽ አልነቃ ካሉ፣ ትንፋሻቸውም እየራቀ ከሄደ የሚቀጥለውን አትስጪ፤ አጠገባቸው ሁኚ፤ እየቀሰቀስሽ አስተንፍሻቸው። ከዚያ መጠኑን ትቀንሻለሽ። አደጋው ይሄ ነው። ይሄ ደግሞ የሚጠበቅ እንጂ የሚሸሽ አይደለም።»

እሳቸው ቤታቸው እንዲሆኑ፣ እኔም በቀን ሁለት ጊዜ እንድጎበኛቸው ጽፎ ፈርሞ ሄደ። ኃላፊው ጠርሙሱን ሲያስረክበኝ ዓይኑን አላነሣም።

ሽማግሌው አንድ ጥሩ የእጅ ሰዓት ነበራቸው፤ የአውሮፕላን ሰዓት እንዳያልፋቸው የገዙት። ሚስቲቱ ቁጥር ባያነቡም ዘንጉ የት የት ሲደርስ እንደሚሰጥ አሳየኋቸውና በሁለት ቀን ያዙት። ጠርሙሱን በእንጨት ሣጥን ቆልፈው ቁልፉን አንገታቸው ላይ አሰሩ። ጥርሱን የታመመ ጎረቤት ትንሽ እንዲቀምስ ሲለምናቸው «ይሄ የሱ በሽታ ነው፣ ያንተ አይደለም» ብለው መለሱት።

መጀመሪያ ላይ አቅለሸለሻቸው፤ እሱ በሦስት ቀን ተዋቸው። ከዚያ ተኙ። አንድ ሙሉ ቀን እየነቁ፣ እየጠጡ፣ መልሰው እየተኙ ዋሉ። ሚስታቸው «እየሞተ ነው» ብለው ቢጠሩኝ ሮጬ ሄጄ «አባባ!» ስላቸው ዓይናቸውን ገለጡ፤ «ምነው? ልተኛበት» አሉኝ። የሁለት ወር እንቅልፍ ነበር የሚተኙት። ሲነቁ ጎደሬ በቅቤ ጠየቁ። በሳምንቱ ደጃፋቸው ላይ ቆዳ ተነጥፎላቸው ይቀመጡ ጀመር። የእምነት ወንድሞቻቸው፣ ቤተ ክርስቲያናቸው በመንግሥት በታሸገበት በዚያ ዘመን፣ ሁለት ሦስት እየሆኑ እየመጡ ቀስ ብለው አብረዋቸው ይዘምሩ ነበር። አዲሱን ዘበኛም አስጠርተው ከብት በየት በኩል እንደሚነዳ ሥራውን አስተማሩት። እኚህ ናቸው «ሱሰኛ» የተባሉት ሰውዬ። ያው ሰው፣ ያው ካንሰር፣ ያው ጠርሙስ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን ውሃውን ነገርኳቸው። ሳልነግራቸው ቢሞቱ መኖር የምችል አልመሰለኝም።

«አባባ፣ ያን ጊዜ የወጋሁዎት መድኃኒት አልነበረም። ውሃ ነው።»

ፊታቸውን ወደ ሜዳው መለሱ።

«ውሃ እንደ ሆነ አውቄያለሁ» አሉኝ። «ሰውነት ያውቃል እኮ። እንዳይከፋሽ ብዬ ዝም አልኩ።»

ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር። የእሳቸው ይቅርታ ቁጣዬን አላበረደውም። በራሴም፣ በኃላፊውም፣ ያን ትምህርት በሰጡኝም ላይ ጨመረብኝ።

ከወር በላይ እንዲህ አለፈ። ከዚያ ከተራራው በኩል ካለ መንደር ታናሽ ወንድማቸው ሊጠይቃቸው መጣ። ሚስቲቱ ጠዋት ሰጥተዋቸው ውሃ ሊቀዱ ሲወርዱ ቁልፉን ለእሱ አደራ ሰጡት። ሽማግሌው ሲገላበጡ አቃሰቱ። ወንድም አንጀቱ አልቻለም፤ በወጥ ማንኪያ ሁለት ጊዜ ሞልቶ አጠጣቸው። እኔ ስደርስ ትንፋሻቸው ርቋል። በሰዓቱ ቆጠርኩ፤ በደቂቃ ሰባት። ምን እንደማደርግ ተነግሮኛል። ቀና አድርጌ ደግፌ ያዝኳቸው፤ ደጋግሜ እየጠራሁ፣ ትከሻቸውን እየነቀነቅኩ «አባባ፣ ይተንፍሱ!» እላለሁ፤ ይተነፍሳሉ፤ ዝም ስል ትንፋሻቸው ይዘገያል። የአራት ሰዓቱንም የስምንት ሰዓቱንም አስቀረሁ። ወንድሙ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ያለቅሳል። ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ትንፋሻቸው ሞላ፤ ዓይናቸውን ገልጠው «አንቺ ልጅ፣ ደንቆሮ አደረግሽኝ እኮ» አሉኝ። ማታ መጠኑን ቀንሼ ጀመርኩ። ከዚያ ወዲያ ቁልፉ ከሚስቲቱ አንገት አልወረደም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ስምንት ቀን ኖሩ። የሞቱት ቀን በጠራራ ፀሐይ፣ ደጃቸው ላይ፣ የሚስታቸውን እጅ እንደ ያዙ ነው። አልጮኹም።

የወንድሙ ነገር ግን ኃላፊው ጆሮ ደርሶ ነበር። ከቀብሩ በኋላ የሂስ ስብሰባ ተጠራ። ሠራተኛው፣ የቀበሌው ሊቀ መንበር፣ ሁለት ታጣቂ፤ እኔ ፊት ተቀምጫለሁ። «በቸልተኝነት አደገኛ መድኃኒት በኅብረተሰቡ እጅ ጥላ ለሕይወት መጥፋት ምክንያት ሆናለች» ተብሎ ተነበበ።

በትክክል እንዴት እንደ ሰጠሁ፣ ምን እንደ ደረሰና እንዴት እንደ ተመለሱ ተናገርኩ። ሳላስበውም ካርቶኖቹን አነሣሁ። «ለሁለት ማንኪያ ስብሰባ ተጠራ። ለተቃጠለው ሁለት ካርቶን መቼ ነው ስብሰባው?» አልኩ። ሊቀ መንበሩ ጠረጴዛውን መታ። ይህን ጊዜ ማንም ያልጠራቸው መበለቲቱ ከኋላ ተነሡ። በነጠላቸው የጠቀለሉትን ጠርሙስ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። ከሥሩ ሁለት ጣት ያህል ቀርቶ ነበር።

«ይሄ የተረፈው ነው፤ መልሻለሁ» አሉ በተሰባበረ አማርኛቸው። «እናንተ ጋ ሲሆን ባሌ እንደ ከብት ጮኸ። ቤት ሲሆን በላ፣ ተኛ፣ ዘመረ፣ ሞተ። ሰው ይሞታል። ይቺ ልጅ አልገደለችም። እናንተ ስትቆልፉ ማን ጠየቃችሁ?»

ስብሰባው ተበተነ። ለእኔ ከአሥር ቀን በኋላ ደብዳቤ ደረሰኝ፤ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያና ወደ ካንጋተን ዝውውር። ኃላፊው ወደ ትልቅ ቦታ ተዛወረ ሲባል ሰማሁ።

ካንጋተን ከኦሞ ዳር፣ በጭነት መኪና ቀናት ተጉዤ የደረስኩባት የሙቀት አገር ናት። የተረከብኩት ክሊኒክ አንድ ክፍል ነበር፤ ቁም ሣጥኑ አይቆለፍም፤ የሚቆለፍበት ነገር አልነበረውማ። በሁለተኛው ወር አንዲት የአገሩ ሰው፣ የኛንጋቶም ብሔረሰብ እናት፣ ቀሚሷ በእሳት ተያይዞ ከጡቷ እስከ ጉልበቷ ተቃጥላ በዘመዶቿ ትከሻ መጣች። የነበረኝ አስፕሪን ነው። ቁስሏን ባጠብኩ ቁጥር የከብት ጠፍር ትነክሳለች፤ ወንዶቹ ፊታቸውን አዙረው ወደ ወንዙ ያያሉ። አስተርጓሚዬ የምትለውን ሲነግረኝ፣ «ከተማ ሰው እንዲህ ሲሆን ምን ትሰጡታላችሁ?» ብላ እየጠየቀች ነው አለኝ። «ቶሎ ይድንልሻል» ብዬ ዋሸኋት።

በዘጠነኛው ቀን ሞተች። የዚያኑ ቀን ተቀምጬ ለበላይ መሥሪያ ቤት ጻፍኩ። ሞርፊን እንዲላክልኝ፣ እንዴት እንደምሰጥ፣ እንዴት እንደምጠብቀው፣ ማን ዘንድ እንደሚቆለፍ ሁሉንም በዝርዝር አሰፈርኩ። በጭነት መኪናው ሾፌር እጅ ላክሁት። ሁለት ዓመት በካንጋተን ስቀመጥ አምስት ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ለአንዱ ብቻ መልስ መጣ፤ «በእናንተ ደረጃ አይፈቀድም» የሚል አንድ መስመር፤ ከሥሩ ማኅተም።